ትእዛዝ ወይስ መግለጫ? የኮምፒዩተርን ውቅር በጽሑፍ ስለ መምራት

አርባ ኮምፒዩተሮች ያሉትን የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ኮምፒዩተሮቹ በአንድ ቀን የተገዙ፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡና በአንድ ባለሙያ እጅ የተዘጋጁ ናቸው። የትምህርት ዘመኑ ሲጀመር አንዱን ከሌላው የሚለየው በላዩ የተለጠፈው ቁጥር ብቻ ነበር። ሁለት ሴሚስተር ካለፈ በኋላ ግን ተማሪዎቹ «አሥራ ሰባተኛው ላይ አትቀመጥ፣ አማርኛ አይጽፍም»፤ «ሠላሳ አንደኛው ላይ ያለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም አሮጌው ነው» እየተባባሉ ይመካከራሉ። ሆን ብሎ ያበላሸ ማንም የለም። በአንዱ ላይ ፕሮግራም በመታደስ ላይ ሳለ መብራት ጠፍቶ ሥራው ከመንገድ ቀርቷል። በሌላው ላይ አንድ መምህር ለአንድ ቀን ልምምድ ሲሉ አንድ መስመር ለውጠው ሳይመልሱት ሄደዋል። በሦስተኛው ላይ ባለሙያው «ለጊዜው» ብሎ ያደረገው ጥገና እንደ ብዙዎቹ ጊዜያዊ ነገሮች ቋሚ ሆኗል። በመጨረሻም ባለሙያው የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ አርባዎቹ ማሽኖች እንዴት አሁን የያዙትን መልክ እንደያዙ የሚያውቀው ብቸኛ መዝገብ፣ ማለትም የእርሱ ትዝታ፣ አብሮት ሄደ።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው። አሥራ ሰባተኛው ኮምፒዩተር ዛሬ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ፣ ልክ እንደ ነበረ አድርገን ልንሠራው እንችላለን? መልሱ «አንችልም» ከሆነ፣ ያ ማሽን በእጃችን ቢኖርም በእውቀታችን ውስጥ የለም ማለት ነው።

ውቅርና እርሾ

ባለሙያዎች ኮንፊገሬሽን የሚሉት፣ በአማርኛም ውቅር ልንለው የምንችለው ነገር፣ አንድን ኮምፒዩተር ከሌላው ተመሳሳይ ኮምፒዩተር የሚለየው የምርጫዎች ድምር ነው። የትኞቹ ፕሮግራሞች፣ በየትኛው እትማቸው ተጭነዋል? ማን ምን ሥልጣን አለው? የሰዓት ክልሉ የት ነው? የትኞቹ አገልግሎቶች ማሽኑ ሲበራ አብረው ይነሣሉ? ማተሚያው በየትኛው አድራሻ ይገኛል? በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ውስጥ እነዚህ ምርጫዎች በመቶዎች በሚቆጠሩ ፋይሎች ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ፤ አብዛኞቹንም ሰው አንድም ጊዜ ከፍቶ አያያቸውም።

በእጅ እየተነካካ የኖረ ኮምፒዩተር ከእንጀራ ሊጥ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለ። ሊጡ የሚቦካው ካለፈው ቡኮ በተረፈው እርሾ ነው፤ ያም እርሾ ከዚያ በፊት ከነበረው፣ ምናልባትም ከጎረቤት ከመጣው፤ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። የዛሬው እንጀራ ጣዕም ማንም ያልመዘገበውን ረጅም ታሪክ ተሸክሞ ይወጣል። በእንጀራ ዘንድ ይህ ጸጋ ነው። በኮምፒዩተር ዘንድ ግን የትናንቱ ቅሪት የዛሬውን ጠባይ የሚወስን ከሆነ፣ ለምን እንዲህ እንደሚሆን የሚጠይቅ ሰው መልስ የሚያገኝበት ቦታ የለም።

ለዚህ ችግር በየቤተ ሙከራው የተለመደው መፍትሔ የአንዱን ማሽን ዲስክ ሙሉ ቅጂ ወስዶ በሌሎቹ ላይ ማባዛት ነው። ዘዴው ይሠራል፤ ነገር ግን እርሾውን ከነሊጡ ማካፈል እንጂ አሠራሩን ማወቅ አይደለም። ቅጂው በውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም፤ ለምን እንደገባ ደግሞ ጨርሶ አይናገርም። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ፕሮግራም መለወጥ ቢያስፈልግ ያንኑ ማሽን እንደገና በእጅ ነካክቶ እንደገና ማባዛት የግድ ይሆናል።

መንገድ ማሳየትና መድረሻ መናገር

አዲስ አበባ ውስጥ ለእንግዳ ቤት ሲጠቁሙ «ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ግራ ታጠፍ፤ ሁለተኛውን ቅያስ እለፍ፤ ከሱቁ አጠገብ ያለው አረንጓዴ በር ነው» ይባላል። ጥቆማው ትክክል ነው፤ ትክክል የሚሆነው ግን እንግዳው ከቤተ ክርስቲያኑ ከተነሣ ብቻ ነው። ከሌላ አቅጣጫ ቢመጣ፣ ወይም መንገድ ላይ ተዘናግቶ አንዱን መታጠፊያ ሁለት ጊዜ ቢቆጥር፣ ትክክለኛው ጥቆማ ወደ ስሕተተኛ በር ያደርሰዋል። መድረሻው ብቻ ተነግሮት መንገዱን ራሱ የሚያገኝ እንግዳ ግን ከየትም ቢነሣ፣ ቢሳሳትና ቢመለስም፣ እዚያው ይደርሳል። ለዚህ ግን ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይኖርበታል፤ አሁን ያለበትንና የሚሄድበትን።

ኮምፒዩተርን የማዘጋጀት ዘዴዎችም በእነዚህ በሁለቱ ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ትእዛዛዊ ዘዴ ይባላል፤ «ይህን ጫን፣ ከዚያ ያን ፋይል ለውጥ፣ ከዚያ አገልግሎቱን አስነሣ» እያለ የድርጊት ተራ ይሰጣል። ሁለተኛው ገላጭ ዘዴ ነው፤ «ይህ ፕሮግራም ያለ ይሁን፤ ፋይሉ ይህን ይዘት የያዘ ይሁን፤ አገልግሎቱ የተነሣ ይሁን» ብሎ የመጨረሻውን መልክ ይናገራል። እንዴት እንደሚደረስበት የሚያሰላው ሌላ ፕሮግራም ነው።

ልዩነቱ የአነጋገር ብቻ እንዳይመስለን አንድ ትንሽ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ስክሪፕት በአንድ ፋይል መጨረሻ ላይ የማተሚያውን አድራሻ የያዘ መስመር ይጨምራል እንበል። አንድ ጊዜ ሲሠራ መልካም ነው። ሥራው መሐል ላይ ተቋርጦ እንደገና ቢጀመር መስመሩ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። የማተሚያው አድራሻ ተለውጦ ስክሪፕቱ ለሦስተኛ ጊዜ ቢሠራ ደግሞ በፋይሉ ውስጥ ሦስት መስመሮች፣ ሁለት የማይስማሙ አድራሻዎች ይኖራሉ። «በዚህ ፋይል ውስጥ የማተሚያው አድራሻ ይህ ብቻ ይሁን» የሚል መግለጫ ግን አንድ ጊዜም ሆነ መቶ ጊዜ ቢፈጸም ውጤቱ ያው ነው።

ይህ ጠባይ በሒሳብ ስም አለው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1870 አይደምፖተንት ብለው ሰይመውታል፤ ደግሞ ቢፈጽሙት ውጤቱን የማይለውጥ ድርጊት ማለት ነው። የአሉታዊ 5 ፍጹም ዋጋ 5 ነው፤ የ5 ፍጹም ዋጋ ደግሞ ያው 5 ነው፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢደጋግሙት ፈቀቅ አይልም። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበት አገር ለሚሠራ የኮምፒዩተር ባለሙያ ይህ የአልጀብራ ወግ ብቻ አይደለም። የተቋረጠ ሥራ የት ላይ እንደ ቆመ ሳይመረምር እንደገና ማስጀመር መቻሉ የሚወሰነው በዚሁ ጠባይ ነው።

ከኦስሎ የተነሣ ሐሳብ

ገላጩ ዘዴ ለኮምፒዩተር አስተዳደር መዋል የጀመረው በኖርዌይ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1993 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ዘርፍ ይመራመሩ የነበሩት ማርክ በርጀስ፣ በትምህርት ክፍላቸው ያሉትን ኮምፒዩተሮች ማስተዳደር ተጨማሪ ሥራ ሆኖባቸው ነበር። ማሽኖቹ የተለያዩ የዩኒክስ ዓይነቶችን ስለሚጠቀሙ ለአንዱ የተጻፈ ስክሪፕት ለሌላው አይሆንም። በርጀስ ያዘጋጁት ሲኤፍኢንጅን የተባለ ፕሮግራም የሚፈለገውን ሁኔታ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ያነባል፤ ማሽኑን ይመረምራል፤ የሚለየውን ብቻ ያስተካክላል። በየጊዜው እየተመላለሰ ይህን ስለሚያደርግ እያንዳንዱ ማሽን ወደ ተገለጸው ሁኔታ እየተጠጋ ይሄዳል። በርጀስ እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት ጽሑፍ ሐሳቡን ከሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት ጋር አነጻጽረውታል። ጤነኛ ሰውነት ሐኪም እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ከጤንነት ያፈነገጠውን ራሱ ለይቶ ይመልሳል።

ከዚያ በኋላ ፐፔት እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሼፍ በ2009፣ አንሲብል በ2012 ተከትለው መጥተዋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ለባለሙያዎች ክርክር የሚመች ቢሆንም ለእኛ ጉዳይ አያስፈልገንም። በዋናው ሐሳብ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

ከስምንት አንዱ

ማሽኖች ሳይታወቅ መለያየታቸው ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ከሁሉ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አሜሪካ ውስጥ ነው። ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን ንግድ ድርጅት የደንበኞቹን ትእዛዝ ወደ ገበያ በሚያስተላልፉ ስምንት ሰርቨሮች ላይ አዲስ ፕሮግራም ማስገባት ነበረበት። አንድ ባለሙያ በሰባቱ ላይ ጫነው፤ ስምንተኛውን ዘነጋው። ሁለተኛ ሰው ሥራውን እንዲመረምር የሚያዝ የተጻፈ ደንብ አልነበረም።

በስምንተኛው ሰርቨር ውስጥ ድርጅቱ መጠቀሙን እ.ኤ.አ. በ2003 ያቆመው ያረጀ የፕሮግራም ክፍል ተኝቶ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም የሚነሣበት ምልክት ደግሞ ቀድሞ ያንን አሮጌ ክፍል ያስነሣ የነበረው ምልክት ነው። ገበያው ሲከፈት ሰባቱ ሰርቨሮች የታዘዙትን ሲሠሩ ስምንተኛው አሮጌውን ቀሰቀሰ። ይህ ክፍል አንድ ትእዛዝ ተፈጽሞ ማለቁን የማያውቅ ሆኖ ስለነበር መላልሶ መግዛትና መሸጥ ጀመረ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2013 ባወጣው ውሳኔ እንደተመዘገበው፣ 212 የደንበኛ ትእዛዞችን ለመፈጸም ሲሞክር በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይቶች ፈጸመ። የድርጅቱ ኪሳራ ከ460 ሚሊዮን ዶላር አለፈ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ሌላ ዝርዝር ነው። ችግሩን ለማቆም የተሯሯጡት ባለሙያዎች ጥፋቱ ከአዲሱ ፕሮግራም የመጣ መስሏቸው ከሰባቱ ደኅና ሰርቨሮች ላይ አነሡት። በዚህም ሰባቱ እንደ ስምንተኛው ሆኑና ጥፋቱ ተባባሰ። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። በማሽኖቹ ውስጥ በዚያች ሰዓት ምን እንዳለ አንብበው የሚረዱበት አንድም ገጽ በፊታቸው አልነበረም።

ያልተጠራው ነገር

በርጀስ የጀመሩት የመጠጋት ዘዴ ስምንተኛውን ሰርቨር በመጀመሪያው ምርመራ ይይዘው ነበር። ሆኖም አንድ መሠረታዊ ጉድለት አለበት፤ የሚያስተካክለው በመግለጫው ውስጥ በስሙ የተጠራውን ነገር ብቻ ነው። በመግለጫው ውስጥ «ይህ ፕሮግራም ያለ ይሁን» የሚል መስመር ጽፈን ከዓመት በኋላ መስመሩን ብንደመስሰው ፕሮግራሙ ከማሽኑ አይጠፋም። እንዲኖር የሚጠይቅ የለም፤ እንዲጠፋም የሚጠይቅ የለም፤ ስለዚህ ይኖራል። እንዲህ ያሉ ቅሪቶች ሲከማቹ አንድ ዓይነት መግለጫ ያላቸው ሁለት ማሽኖች፣ አንዱ አሮጌ አንዱ አዲስ፣ ጠባያቸው ሊለያይ ይችላል። እርሾው በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ስቲቭ ትራውጎት እና ላንስ ብራውን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ይህንን ጉዳይ በሦስት ደረጃ ከፍለው አስቀምጠውታል። መለያየት አለ፤ በእጅ የሚነኩ ማሽኖች ዕጣ ነው። መጠጋት አለ፤ ማሽኑ ወደ መግለጫው ይቀርባል፣ ነገር ግን ፈጽሞ መገጣጠሙ ዋስትና የለውም። ሦስተኛው መግጠም ነው፤ ማሽኑ ከመግለጫው አይተርፍም፣ አይጎድልምም። ሦስተኛውን እንዴት ማግኘት ይቻላል? መልሱ ከኔዘርላንድስ መጣ።

የኒክስ አሠራር

እ.ኤ.አ. በ2003 በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን ይሠሩ የነበሩት ኤልኮ ዶልስትራ ኒክስ የተባለውን ፕሮግራም መሥራት ጀመሩ፤ ጥናታቸው በ2006 ተጠናቀቀ። የተነሡበት ነጥብ ውቅር ሳይሆን ስውር ጥገኝነት ነበር። አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይሠራም፤ ሌሎች የፕሮግራም ክፍሎችን ይፈልጋል፤ እነርሱም ሌሎችን። ብዙ ጊዜ ይህ ፍላጎት የትም አይጻፍም። ፕሮግራሙ በሠሪው ማሽን ላይ የሚሠራው የሚፈልገው ነገር በአጋጣሚ እዚያ ስላለ ነው።

አማርኛ በኮምፒዩተር ስንጽፍ የቆየን ሰዎች ይህን ችግር በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከመካተቱ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራሞች ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። አንዱ ጋ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ጋ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ይሆናል። ደብዳቤው አልተበላሸም። የሚነበበው በአንድ በተወሰነ የፊደል ቅርጽ መሆኑ ግን በደብዳቤው ላይ አልተጻፈም ነበር።

የኒክስ መፍትሔ ጥገኝነቱን የስሙ አካል ማድረግ ነው። ሀሽ የሚባል የሒሳብ ስሌት አለ፤ የትኛውንም ያህል ርዝመት ያለው መረጃ ተቀብሎ ቋሚ ርዝመት ያለው ቁጥር ያወጣል፤ ከመረጃው አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ኒክስ አንድን ፕሮግራም ከመገንባቱ በፊት ለግንባታው የሚገባውን ሁሉ፣ ማለትም ምንጭ ኮዱን፣ የሚገነባበትን መሣሪያ፣ የሚመረኮዝባቸውን ክፍሎችና የአሠራሩን መመሪያ፣ በዚህ ስሌት ውስጥ ያሳልፋል። ውጤቱ በ32 ፊደላትና አኃዞች ይጻፍና ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ማኅደር ስም መነሻ ይሆናል። በመንገድ ያህል፣ ዶልስትራ ለዚህ ጽሕፈት ከላቲን ፊደላት አራቱን አስቀርተዋል፤ ምክንያቱም ፊደላቱ በአጋጣሚ ተገጣጥመው ነውር ቃል እንዳይወጣ ነው።

የዚህ አሰያየም ውጤት ብዙ ነው። በተለመደው አሠራር አንድ የፕሮግራም ክፍል የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ብቻ ስለሆነ አዲሱ እትም አሮጌውን ይደመስሳል፤ አሮጌውን ይጠቀም የነበረ ሌላ ፕሮግራምም ሳያስበው ይሰናከላል። በኒክስ ሁለቱ እትሞች የተለያየ ግብዓት ስላላቸው የተለያየ ስም፣ የተለያየ ስም ስላላቸውም የተለያየ ቦታ ይኖራቸዋል። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ማንም ማንንም አይነካም። አንዴ የተገነባ ነገር ይቆለፋል፤ ሊነበብ እንጂ ሊለወጥ አይችልም። መለወጥ ካስፈለገ ግብዓቱ ይለወጣል፤ ከዚያም በአዲስ ስም አዲስ ነገር ይገነባል። የሒሳብ ተማሪ ይህን ወዲያው ያውቀዋል። ግብዓቱ ያው ከሆነ ውጤቱም ያው የሚሆን፣ ከግብዓቱ ሌላ ምንም የማያይ ፋንክሽን ነው።

ይኸው ሐሳብ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ለመላው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲሠራበት ኒክስኦኤስ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ተገኘ፤ የመጀመሪያው ሥራ የአርማይን ሄሜል የማስተርስ ጥናት ነበር፣ በ2006። በዚህ ሥርዓት ውስጥ መላው ማሽን ከአንድ መግለጫ የሚወጣ አንድ ውጤት ነው። መግለጫው ሲለወጥ አዲሱ ሥርዓት ከአሮጌው ጎን ይገነባል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን አሮጌው ሥራውን አያቋርጥም። ግንባታው ካለቀ በኋላ ብቻ «አሁን የምንጠቀምበት ይህ ነው» የሚል አንድ አመልካች ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይዞራል። በግንባታው መሐል መብራት ቢጠፋ አመልካቹ ገና አልዞረምና ኮምፒዩተሩ ሲበራ በአሮጌው ሥርዓት ይነሣል። ግማሽ አሮጌ፣ ግማሽ አዲስ የሆነ ማሽን የሚፈጠርበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። አሮጌዎቹ ሥርዓቶች ትውልድ እየተባሉ በቁጥር ይቀመጣሉ፤ አዲሱ ካልተስማማ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከሚታየው ዝርዝር ውስጥ የቀድሞውን መርጦ መመለስ ነው።

በመግለጫው ውስጥ ያልተጠራ ፕሮግራምስ? በአዲሱ ትውልድ ውስጥ አይኖርም። አዲሱ ሥርዓት ከአሮጌው ላይ የሚለጠፍ ሳይሆን ከመግለጫው እንደገና የሚወጣ ስለሆነ መስመሩን መደምሰስ ብቻውን በቂ ነው። የመጠጋት ዘዴ ያልመለሰው ጥያቄ በዚህ ተመለሰ።

የቤተ ሙከራው መግለጫ

የኒክስ ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው፣ ለጀማሪ እጅግም የማይመች ቋንቋ ነው። ፍሬ ነገሩን በአማርኛ ብንገልጸው የቤተ ሙከራችን መግለጫ የሚከተለውን ይመስላል፦

የሰዓት ክልል፦ አፍሪካ፣ አዲስ አበባ።
የቁልፍ ሰሌዳ፦ እንግሊዝኛና አማርኛ።
የፊደል ቅርጽ፦ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ።
ፕሮግራሞች፦ ፓይተን፣ አር፣ ሊብረኦፊስ።
የማተሚያ አገልግሎት፦ የተነሣ።
ተጠቃሚ «ተማሪ»፦ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የለውም።

ይህ ገጽ ለአርባዎቹም አንድ ነው። እያንዳንዱ ማሽን የሚለይበት ነገር፣ ስሙና የዲስኩ ዝርዝር፣ በሌላ ትንሽ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ አሥራ ሰባተኛው ከሌሎቹ በምን እንደሚለይ የሚጠይቅ ሰው ያችን ትንሽ ፋይል ያነባል። ገጾቹ ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳዘጋጁት ጊት ባለ መዝገብ ያዥ ፕሮግራም ሊጠበቁ ይችላሉ። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር፣ ለምን እንደ ለወጠ ይመዘገባል። ባለሙያው ሥራ ቢለቅ የሚያስረክበው ነገር አለው። ለውጡን ከመተግበሩ በፊት ሌላ ሰው አንብቦ «ይህ መስመር ስሕተት ነው» ሊለው ይችላል። ውቅርን እንደ ኮድ መያዝ የሚባለው ይህ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከቴክኒኩ ሁሉ የሚበልጠው ጥቅምም ይኸው ነው።

ስለ ኢንተርኔት መስመር ለሚጨነቁ አንድ ነገር ልጨምር። የአንድ ነገር ስም የሚወሰነው በግብዓቱ ስለሆነ፣ አንዱ ማሽን ያወረደው ወይም የገነባው ፓኬጅ ለሌላው እንደሚሆን በስሙ ብቻ ይታወቃል። በግቢው ውስጥ አንድ ማከማቻ ሰርቨር ቢቆም ፓኬጆቹ ከውጭ የሚመጡት አንድ ጊዜ ሲሆን ሠላሳ ዘጠኙ ኮምፒዩተሮች ከውስጥ ይቀዱታል።

መግለጫው የማይደርስባቸው ነገሮች

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኒክስ ያልፈታቸውን ነገሮች አለመናገር አንባቢን ማታለል ይሆናል። ዋናው የሰው ውሂብ ነው። የተማሪው ጽሑፍ፣ የሬጅስትራሩ የውጤት መዝገብ፣ የደብዳቤ ሳጥን፣ እነዚህ በመግለጫ የሚፈጠሩ አይደሉም፤ የሚገነቡት በሕይወት ነው። ወደ ቀድሞው ትውልድ ስንመለስ ፕሮግራሞቹ ይመለሳሉ፤ የመረጃ ቋቱ ግን ባለበት ይቆያል። አዲሱ ፕሮግራም ቋቱን በአዲስ ቅርጽ ጽፎት ከሆነ አሮጌው ላያነበው ይችላል። የናይት ካፒታል ባለሙያዎች አዲሱን ፕሮግራም ሲያነሡ አሮጌውን የሚቀሰቅሱት ትእዛዞች መምጣታቸውን አላቆሙም ነበር፤ ማሽኑን ወደ ኋላ መመለስ ዓለምን ወደ ኋላ አይመልስም። ስለዚህ የመጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ከቀድሞው ባልተናነሰ ግዴታ ሆኖ ይቀጥላል።

የይለፍ ቃላትም ጥንቃቄ ይሻሉ። የኒክስ ማከማቻ በማሽኑ ላይ ላለ ተጠቃሚ ሁሉ የሚነበብ ስለሆነ በመግለጫው ውስጥ በግልጽ የተጻፈ ምስጢር ምስጢር አይደለም፤ በተለየ መሣሪያ ተመስጥሮ መቀመጥ አለበት። የዲስክ ቦታም ይፈጃል፤ አሮጌ ትውልዶች በራሳቸው አይጠፉምና በየጊዜው መጥረግ ያስፈልጋል። «ግብዓቱ ያው ከሆነ ውጤቱ ያው ነው» የሚለውም በተግባር እንከን አያጣውም። አንዳንድ ፕሮግራሞች ሲገነቡ የዕለቱን ቀንና ሰዓት በውስጣቸው ስለሚጽፉ ሁለት ግንባታዎች በጥቃቅን ነገር ሊለያዩ ይችላሉ።

ቋንቋውን መማር ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ፈረንሳዊው ሉዶቪክ ኩርቴስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ያደረጉት ግዊክስ ተመሳሳይ ሐሳብ በስኪም ቋንቋ ስለሚጠቀም፣ ስኪምን የሚያውቅ ሰው በዚያ በኩል ቢገባ ይቀለዋል። አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ላለውና እርሱንም እምብዛም ለማይለውጥ ሰው ግን ድካሙ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል፤ ይህን ለመደበቅ ምክንያት የለኝም።

መሞከር ለሚፈልግ አንባቢ፣ ኒክስ ነባሩን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳያስነሣ በማንኛውም የሊኑክስ ዓይነት ወይም በማክ ላይ ሊጫን ይችላል። በዚያ ለአንድ ልምምድ የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞች ብቻ በአንድ አጭር ፋይል ገልጾ መጀመር ይቻላል። የቤተ ሙከራ ኃላፊ ከሆነ ደግሞ የመላው ማሽን መግለጫ ከጻፈ በኋላ፣ ኒክስኦኤስ ከዚያው መግለጫ ምናባዊ ማሽን ገንብቶ በመስኮት ውስጥ ስለሚያስነሣለት፣ አንድም እውነተኛ ኮምፒዩተር ሳይነካ ሊመረምረው ይችላል። ምርመራው ካረካው የቀረው ፈተና አንድ ነው፤ የአሥራ ሰባተኛውን ኮምፒዩተር ዲስክ፣ የተማሪዎቹን ፋይሎች አስቀድሞ ካወጣ በኋላ፣ ሙሉ በሙሉ ደምስሶ ከመግለጫው እንደገና መሥራትና አማርኛ ይጽፍ እንደሆነ ማየት።